የኤደን ጉንጭ

ሙሉመቤት የልጇን ዩኒፎርም በየዓመቱ ስታሰፋ ደስ ይላት ነበር። ሌላ እናት ብትሆን «ገና ከመሰፋቱ ጠበባት» ብላ ታማርር ይሆናል። እሷ ግን የጎንና ጎኑን ስፌት በምላጭ ትተረትርና፣ ለዚሁ ብላ ወደ ውስጥ አጥፋ የተወችውን ትርፍ ጨርቅ እያንጎራጎረች ትለቀዋለች። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በቤቷ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ወገብ ታውቃለች። ማን እንዳረገዘች፣ ማን ከባሏ ተጣልታ እህል እንደዘጋት ከሜትሩ ታነባለች። የልጇን የኤደንን ወገብ ለክታ ከአምናው ማለፉን ስታይ «ተመስገን» ትላለች።

ለምን እንዲህ እንደምትል ጎረቤቶቿ ያውቃሉ። ከኤደን በፊት ናትናኤል የሚባል ወንድ ልጅ ነበራት። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ኩፍኝ ያዘው። ኩፍኙ ለቀቀው፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን ሳይመለስ ቀረ። ገንፎ ስታቀርብለት አፉን ይገጥማል፣ ወተት ስትሰጠው ፊቱን ያዞራል። ገና በቅጡ አፉን ሳይፈታ «አልበላም» የሚለውን ቃል ግን አጥርቶ ይናገር ነበር። እንደዚያ እያለ ጉንጩ ጎደለ፣ እጁ ቀጠነ፤ በጥቅምት ቀበሩት። ሙሉመቤት ከዚያ ወዲህ ጉንጩ የሞላ ልጅ ባየች ቁጥር ቆም ብላ ታያለች።

ኤደን ስትወለድ ታዲያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሥራ የለም፤ ማብላት ነው። ጠዋት በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ፣ ረፋድ ላይ ዳቦ በማርማላታ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ማታ ከአባቷ ትሪ ላይ የተመረጠው የተመረጠው ጉርሻ። ልጅቷም በላች። አባቷ ይልማ የግብርና ቢሮ ሾፌር ነው፤ ወሩን አጋምሶ መስክ ላይ ስለሚያሳልፍ በመጣ ቁጥር ልጁ ጨምራ ያገኛታል። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ልትሸጥሽ ነው እንዴ የምታደልብሽ?» እያለ ይስቃል። ጎረቤቱም «ተመችቷታል» ይላል። በዚያ ሰፈር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

አስሙ የጀመራት በስድስት ዓመቷ ነው። በአንድ ሐምሌ ጉንፋን ይዟት አልለቅ አለ፤ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ጤና ጣቢያ ለሙሉመቤት «አስም ነው» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጇን እንደ እንቁላል ያዘቻት። ብርድ እንዳይመታት፣ አቧራ እንዳይነካት፣ እንዳትሮጥ፣ ገመድ እንዳትዘል። ትምህርት ቤቱ በእግር ቅርብ ነው፤ ኤደን ግን መጀመሪያ በጋሪ፣ ኋላ ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው በባጃጅ ትመላለሳለች። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ እናቷ ርእሰ መምህሩ ድረስ ሄዳ አስቀርታታለች። የንስሐ አባታቸውንም ለምና ከጾም አስፈትታታለች። ሌሎቹ ልጆች ሜዳው ላይ ሲራገጡ ኤደን ጥላ ሥር ተቀምጣ የተቋጠረላትን ጭኮ ትበላለች።

በሽታው ሲነሳ ደግሞ ጋሽ ገብረየስ አሉ። ከገበያው በላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ ለሰው የሚያዝኑ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጊዜ ኤደን ትንፋሽ አጥሯት ሙሉመቤት እያለቀሰች ብትመጣባቸው ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ክኒኗ ተአምር ሠራች። ልጅቷ በማግስቱ ተነስታ «ራበኝ» አለች፤ ከዚያም ለቀናት ያቀረቡላትን ሁሉ በቃኝ ሳትል በላች። ሙሉመቤት ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልግ? ደረቷ ባፏጨ ቁጥር ወደ ጋሽ ገብረየስ መሄድ ነው። የኤደን ፊት እየከበበ፣ ጉንጯ እየሞላ፣ ቆዳዋ እየተወጠረ ሲሄድ እናቲቱ «መድኃኒቱ ተስማማት» አለች።

ሚሊኒየሙ ተከብሮ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ኤደን ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ክፍሏ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን አጋምሳ ትቆማለች፤ ልጆቹ በጎኗ እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ። «ታንከሯ ቆመች፣ መንገድ ተዘጋ!» ይላል አንዱ፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ይህንን ለእናቷ አልነገረቻትም። የነገረችው ለታቢታ ነው።

ታቢታ አጥር የሚለያቸው ጎረቤታቸው ናት። የወላይታ ሶዶ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ከባሏ ጋር ወደ ጸሎት ቤት የምትሄድ ሴት። ልጅ አልወለደችም። ኤደንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትወዳታለች። አንድ ቅዳሜ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች፣ ኤደን ከጓዳ ወንበር ይዛላት ስትመጣ ትንፋሿን ሰማች።

«እትዬ ሙሉ፣ ይቺ ልጅ ወንበር ተሸክማ እንዲህ ልትተነፍስ አይገባም» አለች።

«አስም አለባት፤ ታውቂ የለ።»

«ዱሮም ነበረባት። እንዲህ ግን አልነበረም። ሪፈራል ሆስፒታል የደረት ሐኪም አለ፤ እኔ አብሬአችሁ እሄዳለሁ።»

ሄዱ። ሐኪሙ ዶክተር ጠሀ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ጎልማሳ። ኤደንን መዘናት፣ ቁመቷን ለካት፣ በቱቦ አስነፋት፣ ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሲጠይቅ ሙሉመቤት የክኒኗን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። እያገላበጠ አየው።

«ስንት ጊዜ ወሰደች ይህንን?»

«በታመመች ቁጥር ነዋ። ዓመታት ሆኑት።»

«እናት፣ ይቺ ክኒን ሕይወት ታድናለች፤ ግን ለጥቂት ቀን ነው፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ። እንዲህ እየተደጋገመች ስትወሰድ የምግብ ፍላጎት ትከፍታለች፣ ታወፍራለች፣ ፊት ታሳብጣለች።»

ሙሉመቤት የልጇን ፊት አየች። «ይሄ ጉንጯ እብጠት ነው እያሉኝ ነው?»

«ከፊሉ፣ አዎ።»

የተቀረውን ንግግሩን የሰማችው በግማሽ ልቧ ነበር። ዶክተሩ ግን ታግሦ አስረዳ። «ቁስል ሲያመረቅዝ አይተዋል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል። የልጅዎ የአየር ቧንቧ ውስጡ እንደዚያ ተቆጥቷል። አስም ማለት ይኸው ነው። ስቡ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም እንዳይመስልዎት። እሱም ራሱ ሰውነትን የሚያስቆጣ ነገር ያመነጫል፤ ደም ተሸክሞ ያዞረዋል። በሚነድ እሳት ላይ ቀስ እያለ ጋዝ እንደሚንጠባጠብ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሆዷ ሳንባዋን ወደ ላይ እየገፋ አየር የምታስገባበትን ቦታ አጥብቦባታል። አስሙን ውፍረቷ አላመጣውም፤ ግን አባሰው፤ መድኃኒቱም እንደ ልብ እንዳይሠራ ያደርጋል።»

«ታዲያ ላስርባት?»

«ማስራብ አላልኩም። ስኳሩን፣ ቅባቱን፣ ለስላሳውን ይቀንሱላት። በእግሯ ትሂድ፤ ቀስ እያለች፣ በየቀኑ። ክኒኑን በድንገት አታቋርጡ፤ እኔ ደረጃ በደረጃ አስቀንሳታለሁ።» በአፍ የሚሳቡ ሁለት መድኃኒቶችም ጻፈላት፤ ሰዉ «ፓፍ» የሚላቸውን። አንደኛው በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ሲያጥራት ወዲያው የሚወሰድ። ኤደን ሁለቱንም እንዴት እንደምትስብ እያሳያት ሳለ ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር።

ሙሉመቤት ቤት ስትደርስ ሁለቱን ፓፎች ቁምሳጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር ከተተቻቸው። ፓፍ የጀመረ ሰው ሲድን አይታ አታውቅም። ከገበያው ማዶ የነበሩት የደንበኛዋ የዘነበች አባት በፓፍ ነው የሞቱት፤ «አንዴ ከለመዱት አይለቅም፣ የመጨረሻው ነው» ሲባል ሰምታለች። ለልጇ የመጨረሻውን ነገር በአሥራ አምስት ዓመቷ አትሰጣትም። ክኒኗን ግን ሐኪሙ እንዳለው ቀነሰች፤ ጉንጭን ያሳብጣል ያለው ቃል ከአእምሮዋ አልወጣ ብሏት ነበር።

ኤደን ግን ሐኪሙን ሰምታዋለች። ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ጨጨብሳው ሲቀርብላት ሦስት ጊዜ ቀምሳ እጇን ሰበሰበች።

«ምነው? ጨው በዛው?»

«በቃኝ።»

«በቃኝ ማለት? ገና መቼ ጀመርሽና!» ሙሉመቤት ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋችላት። «እንኪ፣ በሞቴ።»

ኤደን ፊቷን አዞረች። «አልበላም፣ እማዬ።»

የሙሉመቤት እጅ አየር ላይ ቀረ። ቃሉ የናትናኤል ቃል ነው። ጉርሻው ከእጇ ወድቆ ቅቤው ወለሉ ላይ ተፈናጠቀ፤ እሷም እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኤደን ግራ ገባት። ከዚያ ገባት። የናትናኤልን ነገር ከጎረቤት ሰምታ ነው ያደገችው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም... ማለቴ፣ እንደሱ አልታመምኩም» አለች።

«ዝም በይ!»

«ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ልጆቹ ታንከር ነው የሚሉኝ።»

«የቀኑብሽ ናቸው! እናታቸው አታበላቸውም!»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ፍልሚያ ሆነ። ሙሉመቤት ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴ በቅቤ የለወሰችውን በዘይት ነው ብላ ታቀርባለች። ኤደን አንዳንድ ቀን ትጸናለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የእናቷ እንባ አሸንፏት፣ ወይም ክኒኗ የከፈተባት ረሃብ አሸንፏት፣ ሁሉንም ጠርጋ ትበላና ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ይልማ ከመስክ መጥቶ ሁለቱንም አያቸው። «ሐኪም ካለ እኮ ሙሌ...» ብሎ ጀመረ፤ የሚስቱ ዓይን ሲያርፍበት ግን ሳይጨርሰው ቀረ።

ከትምህርት በኋላ ኤደን መዘግየት ጀመረች። «ላይብረሪ ነበርኩ» ትላለች። ሙሉመቤት አመነቻት። እስከ አንድ ቀን ድረስ፤ አንዲት ደንበኛ ጉርድ ልትለካ መጥታ «ልጅሽ ጎበዝ ሆናለች! ትናንትም ዛሬም ሐይቁ ዳር ግድቡ ላይ አየኋት፤ ከዚያች ከነርሷ ጋር ሲራመዱ» እስክትል።

ሙሉመቤት ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ወጣች። ባጃጅ አስቁማ «ሐይቅ!» አለች። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍስበት ሰዓት ነበር፤ ግድቡ ላይ ጥንዶች ይንሸራሸራሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ አጠገብ ተገትረዋል። ኤደንና ታቢታ ቀስ እያሉ፣ እያወሩ ይመጡ ነበር። ኤደን ፊቷ በላብ ወዝቷል፤ እየሳቀች ነበር። እናቷን ስታይ ሳቋ ከሰመ።

«አንቺ!» አለች ሙሉመቤት፣ ለልጇ ሳይሆን ለታቢታ። «ልጄን ልትገያት ነው? በዚህ ብርድ፣ በዚህ ነፋስ?»

«እትዬ ሙሉ፣ ይረጋጉ። ሐኪሙ ያዘዘውን ነው የምናደርገው። ቀስ እያልን ነው፣ መድኃኒቷንም እየወሰደች ነው።»

«እኔ እናቷ እያለሁ አንቺ ምን አገባሽ? ወልደሽ ብታይው፣ ቀብረሽ ብታይው እንዲህ አትጫወቺም ነበር!»

ታቢታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የሚያልፉ ሰዎች ቆም አሉ። ኤደን «እማዬ ተይ፣ በናትሽ ተይ፣ እኔ ነኝ የለመንኳት» ብላ መጮኽ ጀመረች፤ መጮኹ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አላቆም አለ። ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ያዘች። አየር ስታስገባ የአንገቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ከንፈሯ መልኩን ቀየረ።

«ፓፍሽ!» አለች ታቢታ። «ኤዱ፣ ፓፍሽን አውጪ!»

ኤደን ራሷን ነቀነቀች። ታቢታ ቦርሳዋን ቀምታ ደብተሮቹን መሬት ላይ ዘረገፈች። ምንም የለም። «ይዤዋለሁ ብለሽኝ የለ? በየቀኑ እወስዳለሁ ብለሽኝ የለ?» ልጅቷ መልስ የምትሰጥበት ትንፋሽ አልነበራትም። እናቷን ላለማሳጣት ብላ ታቢታን ስትዋሻት ሰንብታለች።

ሙሉመቤት ብቻ ነበረች ፓፉ የት እንዳለ የምታውቀው። «ቤት ነው» አለች፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። «ቁምሳጥን ውስጥ። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ታቢታ አንዴ ብቻ አየቻት። ከዚያ ልጅቷን አቅፋ ወደ አስፋልቱ ጎተተቻት፤ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ሮጠው አገዟቸው። ባጃጁ ወደ ሪፈራል ሲበር ሾፌሩ በሲዳምኛ እየጮኸ መንገድ ያስለቅቃል። ሙሉመቤት የልጇን ክብደት በደረቷ ላይ ተሸክማ ተቀምጣለች። በጉርሻ በጉርሻ የሠራችው፣ የተመሰገነችበት ክብደት ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያ ሁሉ ገላ ትንሽ አየር ለማግኘት ሲታገል፣ ሲነሳና ሲወድቅ ተሰማት። «አምላኬ፣ ከሷ ቀንሰህ ለኔ አድርገው» አለች። ምን እንዲቀንስ እንደለመነች ራሷም አላወቀችም።

ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አደረጉላት፣ ጭጋግ የሚመስል መድኃኒት የሚተፋ ጭንብል አፏ ላይ አሰሩላት፣ በክንዷ መርፌ ሰጧት። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ የኤደን ከንፈር ወደ መልኩ መመለስ ጀመረ። ዶክተር ጠሀ መጥቶ አያት። ሙሉመቤት ሊያልፍ ሲል እጅጌውን ያዘች።

«ዶክተር፣ ፓፉን አልሰጠኋትም። የመጨረሻው መድኃኒት ነው ሲሉ ሰምቼ... ደበቅኩት።»

ይጮህብኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን ግድግዳውን ተደገፈ። «ይህንን የሚሉኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለ። «የመጨረሻ የሚሆነው ሰዎች እስከ መጨረሻው ሳይወስዱት እየቆዩ ስለሚመጡ ነው። መጀመሪያ ቢጀምሩት የመጀመሪያ ይሆን ነበር።»

«ትድናለች?»

«ከዛሬው ትተርፋለች። አስሙ ግን አብሯት ይኖራል። ክብደቷ ሲቀንስ ይቀልላታል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንዴ ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁም ይነሳባታል። ያን ጊዜ እርስ በርስ አትወቃቀሱ።»

ይልማ በማግስቱ ከዲላ በኩል አቧራ እንደለበሰ ደረሰ። ሚስቱ ሁሉንም ነገረችው። የኤደንን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዞ ተቀመጠ። ቆይቶ «እኔስ ዝም ያልኩት?» አለ።

ኤደን ከሆስፒታል ስትወጣ ሙሉመቤት መጀመሪያ የሄደችው ታቢታ ዘንድ ነው። በሩ ላይ ቆማ ያጠናችውን ይቅርታ ስትጀምር ታቢታ «ይግቡ እንጂ» አለቻት። ውሃ ሰጠቻት፤ ይቅርታዋንም ተቀበለች። «ጌታ ይቅር ብሎናል» አለች። ነገር ግን ያ በግድቡ ላይ የተባለው ቃል በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ነበር፤ አንዳቸውም አላነሱትም። ታቢታ ኤደንን ይዛ መራመዷን ቀጠለች። ቀሚሷን ግን ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰፊ መስጠት ጀመረች።

ወራት አለፉ። የኤደን ክብደት ሐኪሙ እንደተመኘው ቶሎ አልወረደም። ትንሽ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ በዓል ሲመጣ ይመለሳል። ፓፉን ጠዋትና ማታ ትስባለች፤ ደረጃውን አሁን አንዴ ብቻ ቆማ ትወጣለች። ሙሉመቤት በቅቤ ያልለወሰችውን ምግብ ማቅረብ ልጅን ያለ ልብስ ብርድ ላይ እንደማውጣት ሆኖ ይሰማታል። ለፋሲካ የይልማ እኅት ከይርጋለም መጥታ «ምነው ልጅቷ ከሳችብሽ? ታማለች እንዴ?» አለቻት። ሙሉመቤትም «ሐኪም ነው ያዘዘላት» አለችና ለኤደን ምግብ ሳትጨምር ወደ ጓሮ ወጣች፤ እዚያ የታጠበ ልብስ እያሰጣች መስላ ቆየች።

በሰኔ፣ ዝናቡ በገባ በሳምንቱ፣ ኤደን ፓፏን ሳታቋርጥ አስሙ እንደገና ተነሳባት። ቀን ነበር፤ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በዚህ ጊዜ ማንም አልጮኸም። ኤደን አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ተቀመጠች፤ ሙሉመቤት የአጣዳፊውን ፓፍ ነቅንቃ ሰጠቻት፣ ጀርባዋን ያዘችላት፣ እንደታዘዘችው ትንሽ ጠብቃ ደገመችላት። መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ፉጨቱ ቀስ እያለ ቀነሰ። ካልቀነሰ ወደ ሪፈራል ለመሮጥ ነጠላዋን ለብሳ ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ አላስፈለገም።

ኤደን ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች። «እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

ሙሉመቤት ጓዳ ገባች። ድስቱ ውስጥ ምስር አለ፣ መሶቡ ውስጥ እንጀራ አለ፣ ከመደርደሪያው ላይ ቅቤው በማሰሮው ተቀምጧል። ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ምን ያህል እንደሚበዛ የሚነግራት ሜትር የለም። ምስሩን ጨለፈች፣ ከእንጀራው ቆረሰች፣ ትሪውን ይዛ መጥታ ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አብረው በሉ። ሲያልቅ ኤደን ባዶውን ትሪ ትንሽ አየችው።

«ልጨምርልሽ?» አለች እናቷ።

«እኔ እንጃ» አለች ኤደን። «ልብላ እንዴ?»

ሙሉመቤት ጠጋ አለቻት። የልጇን ትንፋሽ አዳመጠች፤ በሥሩ ያችው ቀጭን ፉጨት ገና አለች። «ትንሽ እንቆይና እንይ» አለቻት፤ ሁለቱም ዝናቡን እየሰሙ ተቀመጡ።